በስሜ የተጻፈው ያንቺ ሕመም

ወላይታ ሶዶ
ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለሐመልማል፣

ጌታ ይመስገን፣ እንደምን ሰንብተሻል? ዱባለስ ደህና ነው? ልጆቹስ? ያቺ ቀይዋ ጊደር ወለደች ወይስ እንደቆዘረች ነው? እኔ ከእግሬ በቀር ደህና ነኝ። የእግሬን ነገር ደብዳቤያችንን የምታመላልሰው የማርያምወርቅ ሳትነግርሽ አትቀርም፤ እሷ ጋ የገባ ወሬ መቼም በቆሎዋን ቀድሞ ነው ገበያ የሚደርሰው። ባጃጅ ነው የጣለኝ። ከመናኸሪያ ወደ ላይ ስንወጣ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ተንሸራተተና ተገለበጠ። ከጉልበቴ በታች ተሰብሬያለሁ፤ ቆዳውም ተቀዶ ስለነበር ቁስሉ እስኪደርቅ አስተኝተውኝ ሰነበቱ። አሁን ቤቴ ነኝ፣ በጀሶ። ስድስት ሳምንት አትነቃነቂ አሉኝ። እኔን፣ ቤት መቀመጥ የማልችለዋን! ጎረቤት የጠየቀኝ ሁሉ ሳቁን እየዋጠ ነው የሚወጣው።

«በስልክ ብትነግሪኝ ምናለ፣ ምን ደብዳቤ ያስጽፍሻል» ብለሻል። ሐሙዬ፣ ስልኩ የዱባለ ነው። ዱባለ ደግሞ፣ እግዜር ዕድሜ ይስጠውና፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ካላስቀመጠው ያወራ አይመስለውም። ባለፈው ሆዴን አሞኛል ብዬ ስነግርሽ ከኋላ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ «እግዚአብሔር ይማርሽ» አሉኝ። እና በደብዳቤ ይሻላል።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ። ጉሮሮሽ ደግሞ መነሣቱን ሰምቼ አዘንኩ። የዛሬ ሁለት ዓመት ለቤተ ክርስቲያን ኮንፈረንስ መጥተሽ እዚህ የተወጋሽውን መርፌ ስሙን ንገሪኝ፣ እሱ ነው ያዳነኝ ብለሻል። ስሙን ረስቻለሁ። ጉሮሮሽን በሞቀ ውሃና በጨው ተጉመጥመጪ። መርፌ ግን አትወጊ። ለምን አትበይኝ። ታላቅሽ አይደለሁ? አትወጊ ስልሽ አትወጊ።

ያኔ በእኔ የጤና መድህን ካርድ መታከምሽን ለሰው አልተናገርሽም አይደል? ዱባለም አልሰማም አይደል? ባልሽ የመድህን ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ በየስብሰባው «በሰው ካርድ የሚታከም የሕዝብ ሌባ ነው» እያለ የሚያስተምር ሰው እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ። ይቅርታው ለምን እንደሆነ በሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ። ጀሶው እያሳከከኝ ነው።

እህትሽ አዛለች


ሁምቦ፣ ገበያ
ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ አዛሉ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። የማርያምወርቅ ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነው፣ በችኮላ ነው የምጽፈው። ስለ እግርሽ ሰምቼ አለቀስኩ። ልመጣ ነበር፤ ጉሮሮዬ ግን ይብሳል እንጂ አልተሻለውም። ጨውሽን እስኪያቅለሸልሸኝ ተጉመጥምጫለሁ። አሁን ጉልበቴንና ቁርጭምጭሚቴንም ይቆረጥመኝ ጀምሯል።

አንቺ የመርፌ ስም ትረሺያለሽ? የዛሬ አምስት ዓመት ልቅሶ ላይ ማን ምን ነጠላ ለብሶ እንደመጣ የምትቆጥሪ ሴት? ተቆጥተሽኛል ወይስ ምን ሆነሻል?

እኔ ያን ቀን አልረሳሁትም። ሦስት ቀን ጾም ጸሎት ይዘን ነበር። ካርዴ እዚህ ቀርቶ አንቺ የራስሽን ሰጠሽኝ። «ፎቶው የዛሬ አሥር ዓመት የተነሣሁት ነው፣ አንቺን ነው የሚመስለው» ብለሽ አሳቅሽኝ። ከተወጋሁ በኋላ ገና በሩ ጋ ሳንደርስ መዳፌን አሳከከኝ፣ ገላዬ ሁሉ ተንደበደበ፣ ከንፈሬ የሌላ ሰው ከንፈር ሆነ። ጉሮሮዬን በእጅ የያዙኝ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም። ስነቃ ጭኔን ያመኛል፣ አንቺ ራስጌዬ ቆመሽ ታለቅሻለሽ። «ባዶ ሆድሽን ተወግተሽ ነው፣ መርፌ ባዶ ሆድ አይወድም» አልሽኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ጉሮሮዬ ዳነ! እስከ አሁንም አልተነሣብኝም ነበር። እና መርፌው ምን በደለኝ? በደሉ የእኔ ሆድ ነው።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ፣ ዱባለ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የመድህን አባላትን ይሰበስባል። አብሬው ሄጄ እወጋለሁ። ከዚህ በፊት ተወግቼ ድኛለሁ እላቸዋለሁ፣ ይስማማት እንደሆነ ብለው እጅ ላይ በሚሞክሩት ሙከራ አያጉላሉኝም። ጠግቤ ነው የምሄደው፣ አታስቢ።

ሐመልማል


ወላይታ ሶዶ
ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሐመልማል፣

እንደምን ነሽ አልልሽም፤ እንዳመመሽ አውቃለሁ። ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። «ጠግቤ ነው የምሄደው» ያልሽው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ አለቀስኩ።

መርፌው ፔኒሲሊን ይባላል። አልረሳሁትም። ሐሙዬ፣ ሆድሽ ምንም አልበደለም። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ።

ያን ቀን ስትወድቂ ሦስት ሰው ሮጦ መጣ። ጭንሽ ላይ ሌላ መርፌ ወጉሽ፣ ኦክስጅን አደረጉልሽ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ መዝሙር እንኳ ጠፋኝ። ስትመለሽ አንዷ ነርስ ወደ ጥግ ወሰደችኝና «እህትዎን ፔኒሲሊን ሊገድላት ነበር፤ ሁለተኛ እንዳትወጋ፤ በሄደችበት ሁሉ ትናገር» አለችኝ። ካርዱ ላይም በቀይ ጻፈችበት። በማን ካርድ? በእኔ! «አዛለች፦ ፔኒሲሊን አለርጂ» ይላል። ጉሮሮሽንም ያዳነው መርፌው አይደለም፤ በኋላ የሰጡሽ ሌላ ዓይነት የሚዋጥ መድኃኒት ነው።

እነግርሻለሁ ብዬ ነበር፣ እውነቴን ነው። ከዚያ አሰብኩት። ብነግርሽ፣ አንቺ እዚያ ጤና ጣቢያ ትናገሪያለሽ። የት ነው ይህ የደረሰብሽ ይሉሻል። ካርድሽ ላይ ለምን የለም ይሉሻል። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ዱባለ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል፤ የሰብሳቢው ሚስት በሰው ካርድ ስትታከም ተገኘች ይባላል። ስለዚህ ባዶ ሆድ ነው አልኩሽ። ሰው ሁሉ የሚለው ነገር ስለሆነ ከአፌ ሲወጣ ውሸትም አልመሰለኝም። ጉሮሮሽ ዳግመኛ አይነሣም ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

አሁን እግሬ ሲሰበር ያው ካርድ መጣብኝ። ሐኪሙ ቀዩን አይቶ «ፔኒሲሊን ሲወጉ ምን ሆኑ?» አለኝ። ምን ልበለው? አንቺ የሆንሽውን የሆንኩ አስመስዬ አወራሁለት፤ መዳፌን፣ ከንፈሬን፣ ጉሮሮዬን። እሱ እየጻፈ፣ እኔ እያላበኝ። «እድለኛ ነዎት፤ ቢደገም ሊብስ ይችላል» አለኝ። ያልደረሰብኝን ሞት በእድል አመለጥሽ ተባልኩ!

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ብሩክታይትን ታውቂያታለሽ፣ ግቢዬ ውስጥ የተከራየችውን ነርስ። የክንዴን ጭረት ስታጥብልኝ ጠየቅኋት፤ ያንቺ ነው እንኳ አላልኩም፣ ስለ አንድ ሰው ብዬ ነው የጠየቅሁት።

«የመጀመሪያው ቀን ምንም አይሆኑም፣ እትዬ» አለችኝ። «ሰውነት መድኃኒቱን ያየውና በስሕተት ጠላት ብሎ ይመዘግበዋል። ለእሱ ብቻ የሚሆን ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል። ያ ደግሞ ከቆዳ ሥር፣ በጉሮሮና በሳንባ ዙሪያ ያሉ ሴሎች ላይ ሄዶ ይለጠፋል። ሆዳቸው ሂስታሚን በሚባል ነገር የተሞላ ነው። ዝም ብለው ይጠብቃሉ፤ ዓመትም ይሁን አሥር ዓመት።»

«ምኑን ነው የሚጠብቁት?»

«ሁለተኛውን ቀን።»

ሐሙዬ፣ በልጅነትሽ ጆሮሽ መግል ይዞ አባባ ያስወጋሽን ታስታውሻለሽ? ያኔ ምንም አልሆንሽም፤ እንዲያውም ከረሜላ አምጡ ብለሽ ነበር። ያ ነው የመጀመሪያው ቀን የነበረው፣ ሳይሆን አይቀርም።

«ሁለተኛው ቀን መድኃኒቱ ሲገባ ሴሎቹ በአንድ ጊዜ ይፈነዳሉ» አለች ብሩክታይት። «ደም ሥሩ ይላላል፣ ውሃ ያፈሳል። ለዚያ ነው ከንፈር የሚያብጠው። ግፊት ይወርዳል፣ ሰው ይወድቃል። የአየር ቧንቧው ይጠብባል። የሚገድለው መድኃኒቱ ራሱ አይደለም እኮ፤ የሰውየው የገዛ ዘበኛ ነው።»

«እንደ ዕድር ጥሩምባ ነፊ ነው በይኛ» አልኳት። «እንግዳ በር ላይ ሲያይ ሰው ሞተ ብሎ ይነፋል። ሰፈሩ ሁሉ ግር ብሎ ይወጣል፤ ድንኳን የያዘ፣ ወንበር የያዘ፣ ውሃ በበርሜል የያዘ። የሞተ የለም። ግን ሰዉ ሲገባ አጥሩ ይወድቃል፣ ውሃው ቤት ውስጥ ይደፋል፣ በሩ ላይ ተጨናንቆ የቤቱን ሰው ትንፋሽ ያሳጣዋል። ሊቀብሩ መጥተው ይገድላሉ።»

ሳቀችና «በፈተና ላይ እንዲህ ብጽፍ ኖሮ» አለች። «ያ ጭን ላይ የሚወጋው አድሬናሊን ነው። ደም ሥሩን መልሶ ያጠብቃል፣ ሳንባውን ይከፍታል፤ ሰዉን ወደየቤቱ ይመልሰዋል በሉት። በጊዜ ከተገኘ ነው ታዲያ።»

«ባዶ ሆድስ? እህል የበላ ሰው አይተርፍም?»

ጨርቁን አስቀምጣ ዐይኔን አየችኝ። «ሆድ ምን አገባው እትዬ? ማን ነው እንዲህ ያለዎት?»

የቆየ ከሆነስ አይለቅም ወይ ብዬ ወሬውን ቀየርኩት።

አንዳንዱ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ይተወዋል አለች፤ ግን ያ በምርመራ ነው የሚታወቀው፣ በድፍረት አይደለም። መድኃኒቱ ዘመዶችም አሉት፤ አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ለልጆች የሚገዛው ሽሮፕ ሳይቀር። ስለዚህ ሰኞ ስትሄጂ ከሰላምታ በፊት «ፔኒሲሊን አይስማማኝም፣ ወድቄ በጭን መርፌ ነው የተረፍኩት» በያቸው። ሌላ መድኃኒት ይሰጡሻል። ሕመሙን ግን አትናቂው፤ ጉሮሮ ታሞ ጉልበት ሲቆረጥም ልብ ይነካል አለች፤ መታከም አለብሽ።

ለምን አልደወልሽም ትይኛለሽ። ሦስት ጊዜ ደወልኩ። አንዴ ዱባለ «ሃሎ፣ ኮሚቴዎቹ አብረውኝ ናቸው፣ ሁሉም ሰላም ይሉሻል» አለኝ። ስለ በቆሎ ዋጋ ጠየቅሁት። አንዴ አንቺ አነሣሽ፣ ከኋላሽ ሰው ሲስቅ ሰማሁ፤ ስለ ጊደሯ ጠየቅሁሽ። ሦስተኛው ላይ ሳይነሣ ዘጋሁት። ፈሪ ነኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያንቺን ትንፋሽ ከዱባለ ፊት ጋር አመዛዘንኩት።

ፖስታው ላይ «በእጇ ብቻ፣ ከሰኞ በፊት ይከፈት» ብዬ ጽፌ በስኮች አሽጌዋለሁ። የማርያምወርቅ ቅዳሜ ትሰጥሻለች።

የበደለችሽ እህትሽ
አዛለች


ወላይታ ሶዶ
ነሐሴ 19 ቀን 2017፣ ሰኞ ማለዳ

ዱባለ፣

ሰላምታ የለኝም። ሐመልማልን ፔኒሲሊን እንዳያስወጓት። እንደ ደረሰህ አንብብ፣ ሮጠህ ሂድ፣ ከዚያ ተመልሰህ የቀረውን አንብብ።

የዛሬ ሁለት ዓመት በእኔ ካርድ ነው የታከመችው። እኔ ነኝ የሰጠኋት፣ እኔ ነኝ ዝም በይ ያልኳት። መርፌው ሊገድላት ነበር። እሷ አታውቅም፤ ዋሽቻታለሁ። ቢደግሙት ጉሮሮዋ ይዘጋል። ቁርስ መብላቷ አያድናትም።

ቅዳሜ ደብዳቤ ልኬላት ነበር። የማርያምወርቅ ትናንት ማታ ተመልሳ «ሐመልማልን ገበያ አጣኋት፣ ለባሏ ሰጠሁት፣ ባል አይደል?» አለችኝ። ከዚያ ጀምሮ እየደወልኩ ነው። ያች የስልኳ ሴትዮ አይገኙም፣ አይገኙም ትለኛለች። እናንተ ጋ መብራት ከጠፋ አራት ቀን ነው አሉ። የማርያምወርቅ «እኔው አበላሽቻለሁ፣ እኔው ልመለስ» ብላ መናኸሪያ ልትሄድ ነው፤ ነጠላዋን አጣፍታ ራሴ ላይ ቆማለች።

ስብሰባ ላይ ከሆንክ ስብሰባውን ተው። ሰው ፊት ከሆነ ሰው ፊት ተናገር። ቅጣት ካለ የእኔ ነው።

አዛለች


ቀን፦ 19/12/2017
ለወ/ሮ አዛለች
ወላይታ ሶዶ

ጉዳዩ፦ ስለተላከው ማስጠንቀቂያ መልስ ስለመስጠት

ከሁሉ አስቀድሜ ባለቤቴ በሕይወት መኖሯን እገልጻለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ለባለቤቴ የተጻፈ ፖስታ በወ/ሮ የማርያምወርቅ በኩል ተረክቤያለሁ። የሰው ደብዳቤ መክፈት ነውር በመሆኑ ሳልከፍት በኮቴ ኪስ አስቀምጬ፣ ይኸው ጥፋቴ ነው፣ ረስቼዋለሁ። ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አባላቱ ተሰብስበው፣ በሌላ ሰው ካርድ ስለሚገለገሉ ግለሰቦች ያዘጋጀሁትን ጽሑፍ ከኪሴ ሳወጣ ፖስታው አብሮ ወጣ። «ከሰኞ በፊት ይከፈት» ይላል። ቀኑ ሰኞ ነው። ከፈትኩት። ሕዝቡ ፊት ቆሜ አነበብኩት። «ሰብሳቢያችን ምነው፣ ጽሑፉ ከበደዎት?» ያለኝ ሰው ነበር። የጥሩምባ ነፊው ወሬ ጋ ሳልደርስ ሮጥኩ።

ባለቤቴ ያኔ መርፌ ክፍል ገብታ ነበር። መድኃኒቱ በመርፌው ተቀድቷል፣ እጅጌዋ ተሰብስቧል። በሩን በምን አኳኋን እንደከፈትኩት አላስታውስም፤ ማጠፊያው መነቀሉን በኋላ አሳይተውኛል፣ አስጠግናለሁ። ባለሙያዋ «ከዚህ በፊት ወስጄዋለሁ ብላለች፤ ካርዷም ላይ የተጻፈ የለም» አለችኝ። እኔም አባላቱ በመስኮትና በበር እየሰሙ፣ በሌላ ሰው ካርድ የታከመች መሆኗን፣ ይህም የእኔ ሚስት መሆኗን፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። መርፌው ተጣለ። ሌላ ዓይነት መድኃኒት ታዞላታል፤ ለልቧም ምርመራ ወደ ሶዶ ትላካለች።

ወደ ስብሰባው ተመልሼ ከሰብሳቢነት እንድነሳ ጠየቅሁ። አባላቱ «መጀመሪያ የጀመርከውን ስብሰባ ጨርስ» አሉኝ። ያዘጋጀሁትን ጽሑፍ አላነበብኩም። ያንተን ካርድ ለማን አበደርክ ሳልል፣ በሰው ካርድ ታክሞ የሐኪሙ ማስጠንቀቂያ እዚያው ካርድ ላይ የቀረበት ካለ ያለ ቅጣት ይናገር አልኩ። ያለ ቅጣት ለማለት ሥልጣን እንደሌለኝ አውቃለሁ። አሥራ አንድ ሰው እጁን አወጣ።

ወ/ሮ የማርያምወርቅ አምስት ሰዓት ላይ አንድ እግር ጫማዋን ጭቃ ውስጥ ጥላ ደርሳለች። ውሃ ሰጥተናታል። ይህንንም ይዛ ትመለሳለች።

በእርስዎ ካርድ ላይ በስሕተት የተጻፈው እንዲታረም፣ እግርዎ ሲድን አብረን ሄደን እናመለክታለን።

ይህን ያህል ዓመት ሲያውቁኝ፣ እኔን ከሞት በላይ መፍራትዎ ከሁሉ ይልቅ አሳዝኖኛል። እንዲህ የምፈራ ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር።

ከሰላምታ ጋር
ዱባለ


ሁምቦ
ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

አምስት ቀን ሙሉ ልጽፍልሽ አልቻልኩም። ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ተናድጃለሁ፣ እያወቅሽ አንብቢው።

ልጅቷ ስፒሪቱን ክንዴ ላይ ቀብታ «የማይስማማሽ መድኃኒት አለ?» ስትለኝ ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ? ሳቅሁባት። «በልቻለሁ፣ ችግር የለም» አልኳት። አንድ ድስት የቦይና ቅቅል ለብቻዬ ጨርሼ ነበር እኮ የሄድኩት፤ ልጆቼ እናቴ ምን ነካት እያሉ ሲያዩኝ። ወደሚጠብቀኝ ሞት ጠግቤ ሄድኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውነቴ ያወቀውን፣ አንቺ ያወቅሽውን፣ ካርድሽ ሳይቀር ያወቀውን እኔ ብቻ ሳላውቅ ኖርኩ።

ለቅሶሽን አስታወስኩ፣ ራስጌዬ ቆመሽ። ያ ለቅሶ ውሸት አልነበረም። እሱን እያሰብኩ ነው ዛሬ ብዕር ያነሣሁት።

ጉሮሮዬ ተሽሎታል፣ ጉልበቴ ጥቂት ቀርቶታል። ለልብ ምርመራው በሚመጣው ሳምንት እመጣለሁ፤ አንቺ ጋ ነው የማርፈው፣ ሌላ የት እሄዳለሁ? ቢሆንልን ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ልጆቹን ይዤ እደግማለሁ። ካርዴን ይዤ ነው የምመጣው፣ የራሴን። ቀዩ አሁን በእኔ ስም ነው የተጻፈው። ዱባለ ደግሞ እንዳይጠፋ ብሎ በላስቲክ ለብጦልኛል። ለጎረቤት ሁሉ እያሳየ ነው፤ ዲፕሎማ ያገኘሁ ነው የሚመስለው።

ጊደሯ ወልዳለች። ሴት።

መብራት መጥቷል። ደውዪልኝ። ዱባለ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጡን አልተወም፤ ሰውም አለ። ይኑር። ድምፁን ከፍ አድርገን እንሰማሻለን።

ሐመልማል